ከሁለት ካርቡራተር በፊት፦ 1600 ሞተር ለገባለት የ1966 ቮልስ

ጥያቄ፦ «የ1966 ሥሪት ቮልስ 1300 አለኝ፤ ቅዳሜና እሁድ የምነዳውና በትርፍ ጊዜዬ የምሠራው መኪና ነው። አምና 1600 ባለ መንታ ቀዳዳ ሞተር አስገባሁለት፤ ኤሌክትሪኩንም ከ6 ወደ 12 ቮልት ቀየርኩ። ካርቡራተሩ ሶሌክስ 34 ፒክት-3፣ ዲስትሪቡተሩ (ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው) 009 የሚባለው ነው። ጋራዥ ውስጥ ነዳጅ እንዲቆጥብ ብለው ዋናውን ጂግለር (ነዳጁ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) ወደ 115 ዝቅ አደረጉት። አዲስ አበባ ውስጥ ነዳጅ ስሰጠው ለአፍታ ይደናቀፋል። ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ስወጣ ደግሞ በጣም ይግላል፣ ጉልበትም ያጣል። ፍሪሲዮን ስለቅ ይንቀጠቀጣል፤ ሞተሪኖውም አንዳንዴ ይንጫጫል። አሁን ሁለት ካርቡራተር ልገጥምለት አስቤያለሁ። ምን ይመክሩኛል?»

ምላሽ፦

ሁለት ካርቡራተሩን ለጊዜው ይተዉት። የዘረዘሯቸው ችግሮች በሙሉ ሞተሩ ከገባ በኋላ ሳይጠናቀቁ ከቀሩ ሥራዎች የመጡ ናቸው፤ ተጨማሪ ካርቡራተር አንዳቸውንም አይፈታም፣ ሙቀቱን ግን ያብሰዋል።

መጀመሪያ ከሞተሩ ምን ያህል ጉልበት መጠበቅ እንዳለብዎ እንነጋገር። የእርስዎ መኪና ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው 1300 ሞተር 40 የፈረስ ጉልበት ነበረው። 1600ው (የሲሊንደሩ ስፋት 85.5፣ የፒስቶኑ ምት 69 ሚሊ ሜትር፣ በጠቅላላው 1584 ሲሲ) በባሕር ወለል ላይ 50 ይሰጣል። አዲስ አበባ ግን ወደ 2350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር በሚስበው አየር ልክ ስለሚሠራ፣ 50ው ወደ 38 ወይም 39 ይወርዳል። ማለትም አዲሱ ሞተርዎ እዚህ ደጋ ላይ የሚሰጠው አሮጌው ባሕር ዳርቻ ላይ ይሰጥ የነበረውን ነው። ይህ የሞተሩ ጉድለት ስላልሆነ በካርቡራተር ብዛት አይታረምም።

አሁን ወደ ጂግለሩ። የ34 ፒክት-3 ዋና ጂግለር እንደ ሞተሩ ዓመት 127.5 ወይም 130 ነው፤ የተመረጠው ለቆላማ አገር ነው። አየሩ ሲሳሳ ካርቡራተሩ ነዳጁን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ ስለዚህ ደጋ ላይ ነዳጅ የበዛበት ድብልቅ ይሰጣል። ትርፉ በአየሩ ጥግግት ካሬ ሥር ልክ ስለሚሄድ አዲስ አበባ ላይ 11 በመቶ ገደማ ይሆናል። ያንን ለመቀነስ የቀዳዳው ስፋት በ11 በመቶ፣ ዲያሜትሩ ደግሞ በ5.5 በመቶ ማነስ አለበት፤ 127.5ን ወደ 120 ያመጣዋል። ስለዚህ ጋራዡ ጂግለሩን ዝቅ ማድረጉ በሐሳብ ደረጃ ትክክል ነበር፤ ስሕተቱ መጠኑ ላይ ነው። 115 ከ120 በቀዳዳ ስፋት 8 በመቶ ያንሳል። ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1300 ሜትር አካባቢ ስለሆነ የሚፈልገው ወደ 122.5 የተጠጋ ነው፤ እዚያ ላይ ጉድለቱ ከ10 በመቶ ያልፋል። ነዳጁ ያነሰበት ድብልቅ ሙሉ ጭነት ላይ ቀስ ብሎ ይነድዳል፤ ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ራስ) እና የጭስ ማውጫ ቫልቮላውን ያግላል። ያ ሞተር በሞቃት ቆላ ተነሥቶ፣ ነዳጅ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ተረግጦ፣ ከ3000 ሜትር በላይ ወዳለ በር የሚወጣ ከሆነ መጋሉ የማይቀር ነው። ቁጠባውም ከንቱ ነው፤ ጉልበት ያጣ ሞተር ፔዳሉን የበለጠ ያስረግጣል።

ስለዚህ 120 ጂግለር ያስገቡ፤ ለቆላ ጉዞ 125 እና የመጀመሪያውን 127.5 በጓዝ ሣጥን ውስጥ ይያዙ። 34 ፒክት ላይ ዋናው ጂግለር ከነዳጅ ማጠራቀሚያው ጎን ካለው ብሎን በስተኋላ ስለተቀመጠ ካርቡራተሩን ሳይፈቱ በረጅም ካቻቪቴ ይቀየራል። ብሎኑ ሲፈታ ቤንዚን ስለሚፈስስ ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተነጥፎ ይሁን። ጂግለርን በመርፌ ወይም በሽቦ አስፍቶ «ማስተካከል» የሚባለውን ልማድ ግን ፈጽሞ አይቀበሉ፤ ቁጥሩ የሚነግረው የቀዳዳውን ዲያሜትር ነው፣ የተቧጨረ ቀዳዳ ደግሞ ቁጥሩን ያዛባል።

ጂግለሩ ትክክል ሆኖ እንኳ ከየትም የሚገባ አየር ካለ ድብልቁ ይሳሳል። የመንታ ቀዳዳው ሞተር ማኒፎልድ (ድብልቁን ከካርቡራተሩ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚወስደው ቱቦ) ሦስት ቁራጭ ነው፤ መካከለኛው ቱቦ ከሁለቱ የአሉሚኒየም ጫፎች ጋር የሚገናኘው በሁለት የጎማ እጅጌዎች ነው። እነዚህ ጎማዎች ከውጭ ደህና መስለው ከሥር በኩል ይሰነጠቃሉ። ሞተሩን በሚኒሞ (ፔዳሉ ሳይረገጥ በሚሠራበት ዝቅተኛ ዙር) አስነሥተው በመርጫ ጠርሙስ ውሃ በእጅጌዎቹ ዙሪያ፣ ማኒፎልዱ ቴስታታውን በሚነካበትና በካርቡራተሩ ሥር ይርጩ። ዙሩ ከተለወጠ አየር የሚገባው እዚያ ነው። ቤንዚን ወይም የካርቡራተር ማጽጃ መርጨት በጋለ ሞተር ላይ አደገኛ ነው፤ ውሃ ይበቃል። ጎማዎቹ ርካሽ ስለሆኑ ሁለቱንም አንድ ላይ ይቀይሩ።

ለአፍታ የመደናቀፉ ነገር በአብዛኛው ከ009 የመጣ ነው። ይህ ዲስትሪቡተር ብልጭታውን የሚያስቀድመው በዙር ፍጥነት ብቻ ነው፤ የቫኪዩም ክፍል የለውም። 34 ፒክት-3 ደግሞ የተሠራው ፔዳሉ ገና ሲነካ ብልጭታውን ከሚያስቀድም ባለ ቫኪዩም ዲስትሪቡተር ጋር እንዲሠራ ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ፔዳሉ ሲረገጥ ድብልቁ ይሳሳል፣ ብልጭታውም ይዘገያል፤ መደናቀፉ ያ ነው። በቀላል ጭነት ሲነዱም ብልጭታው ዘግይቶ ስለሚቀር ሙቀቱ ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ ነዳጅም ይባክናል። ለሁለት ካርቡራተር ካሰቡት ገንዘብ የተወሰነውን ባለ አንድ ቫኪዩም ዲስትሪቡተር ላይ ያውሉት። እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የምገዛው ዕቃ ይህ ነው።

እስኪገኝ ድረስ 009ኙን በደንብ ማስተካከል ይቻላል። ፑንቲናውን (በዲስትሪቡተሩ ውስጥ ያለውን የብልጭታ መክፈቻ) 0.4 ሚሊ ሜትር ይክፈቱ። ታይሚንጉን (ብልጭታው የሚቀድምበትን ልክ) በሚኒሞ ሳይሆን በከፍተኛ ዙር ይለኩ፤ 3500 ዙር ላይ ከ28 እስከ 32 ዲግሪ ቀድሞ መሆን አለበት፣ 30 ጥሩ ነው። ፑሌጃው (የቺንጋው መዘውር) ላይ ይህ ምልክት ከሌለ ራስዎ ይሥሩት፦ የፑሌጃውን ዙሪያ በክር ለክተው ለ12 ያካፍሉ፤ የሚገኘው ርዝመት 30 ዲግሪ ነው። የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስቶን ጫፍ ላይ ሲሆን በሞተሩ ቤት ስንጥቅ ፊት ለፊት ምልክት ያድርጉ፤ የለኩትን ርዝመት ከዚያ ወደ ቀኝ ወስደው ሁለተኛውን ነጭ መስመር ያሥምሩ። በታይሚንግ መብራት ሲያዩት ሁለተኛው መስመር ስንጥቁ ላይ ቆሞ መታየት አለበት። ደጋ ላይ 32 ችግር የለውም፤ ቆላ የሚወርዱ ከሆነ ግን ከ30 አይለፉ። የብልጭታው ቅደም ተከተል 1-4-3-2 ነው።

የሚኒሞ ብሎኑም መደናቀፍ ያመጣል። 34 ፒክት-3 ላይ የሚኒሞ ዙር የሚስተካከለው በፋርፋላው (የካርቡራተሩ የአየር መግቢያ ክዳን) ክንድ ላይ ባለው ብሎን አይደለም፤ ብዙ ሰው ግን በለመደው እጅ ያንን ያዞራል። ፋርፋላው ከቦታው ሲከፈት ከአጠገቡ ያሉት ጥቃቅን የነዳጅ ቀዳዳዎች ቀድመው ይገለጣሉ፤ ፔዳሉ ሲነካ የሚሰጡት አይኖራቸውም። ትክክሉ እንዲህ ነው፦ ሞተሩ ግሎ ቾኩ ሙሉ ተከፍቶ ሳለ፣ የክንዱን ብሎን የካሙን ዝቅተኛ ደረጃ እስኪነካ ድረስ ይመልሱ፣ ከዚያ ሩብ ዙር ብቻ ይጨምሩ፤ በኋላ አይነካም። ከካርቡራተሩ በግራ በኩል ሁለት ብሎኖች አሉ። ትንሹን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው ከዘጉ በኋላ ሁለት ተኩል ዙር ይክፈቱ። በትልቁ ዙሩን ወደ 850 ያምጡ። ከዚያ በትንሹ ከፍተኛውን ዙር ፈልገው፣ 20 ወይም 30 ዙር እስኪቀንስ ይዝጉት፤ በትልቁ እንደገና 850 ያድርጉ። የነዳጅ ፖምፒኖው በአንድ ምት 1.5 ሲሲ አካባቢ መርጨት አለበት፤ አሥር ጊዜ ረግጠው በመርፌ ቤት ቢሰበስቡት 15 ሲሲ ያህል ይሆናል። ከዚህ በጣም ካነሰ ሜምብራናው ደርቋል። ካርቡራተሩ ላይ ያለው የሚኒሞ ኤሌክትሮማግኔትና የቾኩ ሽቦ 12 ቮልት መሆናቸውንም ያረጋግጡ።

በክረምት ጠዋት መደናቀፉ የሚብስ ከሆነ ከማኒፎልዱ ሥር የሚያልፈውን ቀጭን የጭስ ቱቦ ይመልከቱ። ሥራው ማኒፎልዱን ማሞቅ ነው፤ በካርቦን ሲደፈን ማኒፎልዱ ያልበዋል፣ አንዳንዴም አመዳይ ይይዛል። ሞተሩ አምስት ደቂቃ ከሠራ በኋላ የቱቦው ሁለቱም ጫፎች እጅ የማያስነኩ መሆን አለባቸው። አንዱ ከቀዘቀዘ ተደፍኗል፤ ማኒፎልዱን አውርዶ በወፍራም ሽቦና በእሳት ማጽዳት ብቻ ነው መፍትሔው።

ወደ ሙቀቱ እንመለስ፤ ጂግለሩ ግማሹ ምክንያት ብቻ ነው። የቮልስ ማቀዝቀዣ ውሃ የለውም እየተባለ እንደ ቀላል ይታያል፤ እውነቱ ግን ላሜራዎቹ በሙሉ የማቀዝቀዣው አካል ናቸው። ቬንቲላተሩ ከኋላ መስኮት ሥር ባሉት ክፍተቶች የገባውን ቀዝቃዛ አየር ይስባል፣ በሲሊንደሮቹና በቴስታታዎቹ ክንፎች መካከል ይነፋል፣ የጋለው አየር ወደ ታች ይወጣል። ከላይ ቀዝቃዛ፣ ከታች ትኩስ፤ መካከሉ በላሜራና በጎማ የታሸገ መሆን አለበት። አንድ ክፍተት ካለ ቬንቲላተሩ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ ይስባል።

ሞተር ሲቀየር ደግሞ ክፍተት ሳይፈጠር አይቀርም፤ የ1300ው ላሜራ ለ1600ው በትክክል አይገጥምምና ይተዋል ወይም ይቆረጣል። መኪናውን አቁመው የኋላ ክዳኑን ከፍተው ከውስጥ ወደ ታች ይመልከቱ። መሬት የሚታይበት ቀዳዳ ካለ መዘጋት አለበት። በሞተሩ ዙሪያ ከአካሉ ጋር የሚያገናኘው ጎማ ሳይቋረጥ መዞር አለበት። የካንዴላ ሽቦዎቹ በላሜራው በኩል በሚገቡበት የሚዘጋ ጎማ አለ፤ አራቱም ይኑሩ። ማሞቂያው ከተነሣ፣ ከቬንቲላተሩ ቤት የሚወጡት ሁለቱ ወፍራም አፎች በክዳን ይዘጉ፤ ካልተዘጉ ለሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር በከንቱ ይወጣል። የማኒፎልዱ የጭስ ቱቦ በላሜራው የሚያልፍባቸው ትናንሽ መሸፈኛዎችም አይረሱ። ከሲሊንደሮቹ ሥር፣ በሁለት ሲሊንደሮች መካከል የምትቀመጠው ትንሿ ላሜራ ደግሞ ከሁሉም በላይ ትዘነጋለች፤ ሞተር ሲገጣጠም «ትርፍ» ሆና የምትቀረው እሷ ናት። አየሩን ወደ ሲሊንደሩ የታችኛው ግማሽ የምታጠቀልል እሷ ስለሆነች፣ ካልገባች ሲሊንደሩ በአንድ ወገኑ ብቻ ይቀዘቅዛል፤ ቅርጹም ይጣመማል።

ከዚያ የዘይቱን ማቀዝቀዣ ይለዩ። አሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ማቀዝቀዣው የሚቆመው በቬንቲላተሩ ቤት ውስጥ፣ ከሦስተኛና ከአራተኛ ሲሊንደር በላይ ነው፤ ለእነሱ የሚሄደውን አየር እያሞቀ ያሳልፋል። የቮልስ ሦስተኛ ሲሊንደር ቀድሞ የሚቃጠለው በዚህ ነው። ከ1971 ሞዴል ጀምሮ ፋብሪካው ማቀዝቀዣውን ወደ መኪናው ፊት ገፍቶ በራሱ ሣጥን ውስጥ አስገባው፣ ቬንቲላተሩንም አሰፋው። የእርስዎ 1600 ሞተር አዲሱ ሆኖ ከላዩ ግን የአሮጌው 1300 ቬንቲላተር ቤት ተገጥሞ ሊሆን ይችላል፤ ገንዘብ ለመቆጠብ ይህ በጣም የተለመደ ነው። ከቬንቲላተሩ ቤት ጀርባ፣ በግራ በኩል ወጣ ያለ ሣጥን ከሌለ አሮጌው ነው። አዲሱን ሲገዙ ሙሉውን ይግዙ፦ ቤቱን፣ ሰፊውን ቬንቲላተር፣ ማቀዝቀዣውን፣ የሚቆምበትን መያዣ፣ ትኩሱን አየር ወደ ታች የሚያወጣውን ላሜራም ጭምር። የመጨረሻዋ ከጎደለች ዘይቱ የለቀቀው ሙቀት እዚያው ሞተሩ ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ ሥራውም ከንቱ ነው።

ቺንጋው በአውራ ጣት ሲጫኑት 15 ሚሊ ሜትር ያህል ይግባ፤ የሚስተካከለው በዲናሞው ፑሌጃ መካከል ባሉት ቀለበቶች ነው። የኋላ ክዳኑን በእንጨት ወይም በብረት ከፍቶ መንዳት መፍትሔ አይደለም፤ ችግሩ ያለው የታሸገው ክፍል ሥር ነው።

ዘይቱ ምን ያህል እንደጋለ በእጅ አይለካም፤ የዘይት ሙቀት መለኪያ ይግጠሙ። ከ90 እስከ 110 ዲግሪ ጤና ነው። 120 ሲደርስ ጭነቱን ይቀንሱ። ሞተሩ የሚይዘው 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ የወረቀት ፊልትሮም የለውም፣ ወንፊት ብቻ፤ ስለዚህ አቧራ ባለበት አገራችን በየ3000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ተገቢ ነው። የወንፊቱን ክዳን የሚይዙት ስድስት ትንንሽ ዳዶዎች የሚፈልጉት 7 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ ጠንከር አድርገው ሲያጠብቁ ብሎኑ ከማግኒዚየሙ ቤት ይነቀላል። ዘይት የሚይዘውን አሮጌ የአየር ማጣሪያ «ያምራል» በሚባል ክፍት ስፖንጅ አይተኩት፤ ለአቧራ ከስፖንጁ በጣም ይሻላል። ቫልቮላዎቹን በየ5000 ኪሎ ሜትሩ፣ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘ ጠዋት፣ ሁሉንም 0.15 ሚሊ ሜትር ያስተካክሉ። ከመጀመሪያው ሲሊንደር ይጀምሩና ፑሌጃውን ወደ ግራ ግማሽ ዙር እያዞሩ ወደ 2፣ 3፣ 4 ይሂዱ። የአንዱ ክፍተት በየጊዜው እየጠበበ ከመጣ ቫልቮላው እየተሳበ ነው፤ ከመበጠሱ በፊት ቴስታታውን ያውርዱ።

የአነዳዱም ነገር ቀላል አይደለም። ቬንቲላተሩ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ ዝቅተኛ ዙር ላይ ሙሉ ነዳጅ መስጠት ሞተሩን ሙቀት ውስጥ ጥሎ ማራገቢያውን እንደመንፈግ ነው። በ1300ው ካምቢዮ (የመጨረሻው ጥርስ 4.375) በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ አራተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ 2000 ዙር አካባቢ ነው፣ ሦስተኛ ላይ ደግሞ 2800 ገደማ። አቀበት ላይ 2000 ዙር መቆየት አይገባም። ከ2500 በታች ሊወርድ ሲል ሳይጠብቁ ማርሽ ይቀንሱ፣ ፔዳሉንም እስከ ወለል አይርገጡት። ድምፁ ከፍ ይላል፣ ሙቀቱ ግን ይወርዳል። አናት ላይ ሲደርሱ ወዲያው አያጥፉት፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት።

ሞተሪኖውና ፍሪሲዮኑ የአንድ ምክንያት ልጆች ናቸው። የ6 ቮልቱ ቮላኖ (ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ መዘውር) 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቱ 130 ጥርስ አለው፤ የሁለቱ ሞተሪኖዎች ጥርስም ለየብቻ ነው። የሚንጫጫው የ6 ቮልት ሞተሪኖ ከ130ው ቮላኖ ጋር ስለተገናኘ ወይም የ12 ቮልቱ ሞተሪኖ ጫፍ በሰፊ ቡሽ ውስጥ ስለሚንቀጠቀጥ ሊሆን ይችላል። የ6 ቮልት ካምቢዮ ቡሽ 12.5 ሚሊ ሜትር ነው፣ የ12 ቮልቱ ሞተሪኖ ዘንግ ግን 10.9 ያህል፤ ከውጭ የአሮጌው፣ ከውስጥ የአዲሱ ልክ የሆነ ቡሽ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ቶርኖ ቤትም ከብሮንዝ ሊሠራ ይችላል። ደግሞም 130ው ቮላኖ ትልቅ ስለሆነ የካምቢዮው ቤት ከውስጥ መሞረድ አለበት፤ በበቂ ካልተሞረደ ጥርሱ አሉሚኒየሙን ይፈጫል። ሞተሩን ሲያወርዱ ቤቱ ውስጥ የብር መሰል ዱቄት ካገኙ ምክንያቱ ያ ነው።

ሞተሩ በወረደበት ጊዜ የፍሪሲዮኑን ኩሽኔታ ከዲስኩ መጫኛ ጋር ያስተያዩ። እስከ 1970 ሞዴል ያሉት ካምቢዮዎች ኩሽኔታ የሚመራው ቱቦ የለውም፤ መጫኛው በመካከሉ የቀለበት ማረፊያ ይፈልጋል። ከ1971 ወዲህ ያለው መጫኛ ቀለበት የለውም። ከአዲሱ ሞተር ጋር የመጣው መጫኛ በአሮጌው ካምቢዮ ላይ ሲገባ ኩሽኔታው በጣቶቹ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ያርፋል፣ መንቀጥቀጡና ጩኸቱ ይከተላል። ካምቢዮው የእርስዎ የ1966 ስለሆነ ባለ ቀለበቱን 200 ሚሊ ሜትር መጫኛ ያግኙ። እሱ ትክክል ከሆነ ደግሞ የፍሪሲዮኑ ካቦ የሚያልፍበትን ተጣጣፊ ቱቦ ይመልከቱ፤ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ማርገብ አለበት። ቀጥ ያለ ከሆነ በካምቢዮው በኩል ሮንዴላ ይጨምሩ። ፔዳሉ ላይ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ነፃ ጨዋታ ይተዉ።

ቮላኖው ከተፈታ አይቀር የኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) የፊትና የኋላ ጨዋታ ይለኩ፤ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ የሚስተካከለውም በሦስት ስስ ቀለበቶች ነው። ከ0.15 ካለፈ የሞተሩ ቤት እየተበላ ነው ማለት ነው። ትልቁ የ36 ዳዶ 340 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል፤ ይህ በረጅም ቧንቧ የሚሠራ ነው፣ በግምት የጠበቀ ቮላኖ መንገድ ላይ ይፈታል።

ያልጠየቁኝን ግን ልጨምር፦ ፍሬኑ። የ1966 መኪናዎ አራቱም ጎማ ላይ ታምቡር ያለው፣ በአንድ መስመር ብቻ የሚሠራ ፍሬን ነው። አንድ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም ይጠፋሉ፤ ከጣርማበር ቁልቁል ሲወርዱ የሚቀርዎት የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ለሁለት ካርቡራተር የታሰበው ቀሪ ገንዘብ ለባለ ሁለት መስመር ማስተር ሲሊንደርና ለአዳዲስ ቱቦዎች ይዋል። ተጣጣፊዎቹ ቱቦዎች ከውጭ ሳይሰነጠቁ ከውስጥ ያብጣሉ፤ መኪናው ወደ አንድ ጎን የሚስበው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የፊት ዲስክ ፍሬን ለመጨመር ዕድለኛ ነዎት፤ ከ1966 ሞዴል ጀምሮ ፊቱ ባለ ኳስ መገጣጠሚያ ስለሆነ የ1500ው ቮልስ ዲስክ ይገጥማል። ግን ቸርኬው ከባለ አምስት ወደ ባለ አራት ብሎን ስለሚለወጥ ኋላውንም ማሰብ ያስፈልጋል። ጎሚስታ ቤት ደግሞ አራቱንም ጎማ እኩል እንዳይነፉልዎ፤ ለራዲያል ጎማ ፊት 18፣ ኋላ 27 ፒኤስአይ ነው። ክብደቱ ኋላ ስለሆነ እኩል ሲነፋ ኩርባ ላይ ጅራቱ ይወጣል።

የቤንዚን ቱቦዎቹን ዛሬውኑ ይቀይሩ። አሮጌ ጎማ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲነካው ይበሰብሳል፣ ቮልስም በብዛት የሚቃጠለው በዚህ ነው። በተጨማሪ ካርቡራተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚገባበት የናስ ቱቦ ተጭኖ የገባ እንጂ በጥርስ የታሠረ አይደለም፤ በእጅ ሲያዞሩት ከተንቀሳቀሰ አንድ ቀን ይወጣና ቤንዚኑን ዲስትሪቡተሩ ላይ ያፈስሰዋል። የነዳጅ ፊልትሮ ሞተሩ ክፍል ውስጥ አይንጠልጠል፤ ከታንኩ በታች፣ ፊት ለፊት ይሁን። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ የወንበሩ ሞላ እንዳይነካው ይሸፍኑት። የእሳት ማጥፊያ ከሾፌሩ እጅ የማይርቅ ቦታ ያስቀምጡ።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ አሁንም ጉልበት ከፈለጉ፣ ደጋ ላይ የሚያዋጣው መጭመቂያውን (ፒስቶኑ ድብልቁን የሚጨምቅበትን ምጣኔ) ማሳደግ ነው። ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ ከሲሊንደሩ አፍ ያለው ክፍተት 1.5 ሚሊ ሜትር ከሆነና የቴስታታው ጓዳ 50 ሲሲ ከሆነ መጭመቂያው 7.8 ያህል ነው። ክፍተቱን 1 ሚሊ ሜትር ሲያደርጉት 8.1 ይሆናል። ስስ አየር ውስጥ ይህ ያለ ስጋት ይሠራል፤ ከ1 ሚሊ ሜትር በታች ግን አይውረዱ። 87 ሚሊ ሜትር የሆኑትንና ያለ ቶርኖ ሥራ የሚገቡትን «1641» ሲሊንደሮች አልመክርም፤ ግድግዳቸው ስስ ስለሆነ ሲግሉ ቅርጻቸውን ያጣሉ። ከመክፈትዎ በፊት ኮምፕሬሲዮኑን ይለኩ፣ ንባቡን ግን በመጽሐፉ ቁጥር አይመዝኑት። ባሕር ወለል ላይ 120 ፒኤስአይ የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር አዲስ አበባ ላይ 90 አካባቢ ነው የሚያሳየው። «ፋሻው (የፒስቶኑ ቀለበት) አልቋል» ተብለው ያለ ጥፋታቸው የተከፈቱ ሞተሮች ብዙ ናቸው። ዋናው ነገር አራቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸው ነው፤ ልዩነቱ ከ15 በመቶ አይብለጥ።

ሊብሬው ላይ የአሮጌው ሞተር ቁጥር ተጽፎ ከሆነ ደግሞ የሞተሩን የግዢ ሰነድ ይዘው ያስተካክሉት፤ ቁጥሩ የዲናሞው መቀመጫ ሥር ተመትቷል። አለበለዚያ የቦሎ ጊዜ ወይም ሽያጭ ላይ ችግር ይሆናል።

ሥራው ሲጠናቀቅ በዚያው አቀበት ይፈትኑት። አዳዲስ ካንዴላዎች አስገብተው፣ ከሸዋ ሮቢት ተነሥተው ጥቂት ኪሎ ሜትር በሦስተኛ ማርሽ በጭነት ይውጡ። ሰፊና ለማቆም የሚያመች ቦታ ላይ ፍሪሲዮን ረግጠው ሞተሩን በአንድ ጊዜ ያጥፉ፣ መኪናውን በፍሬን ያቁሙ፤ መሪው ስለሚቆለፍ ቁልፉን ግን አይንቀሉ። ሲቀዘቅዝ አራቱን ካንዴላዎች ይፍቱ። ነጩ ሸክላ ቀለል ያለ ቡናማ ከሆነ ጂግለሩ ልክ ነው። ነጭ እንደሆነ ከቀረ አንድ ደረጃ ከፍ ያድርጉ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ አንድ ደረጃ ይቀንሱ። ሦስቱ ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ ከነጣ ጂግለሩን አይንኩ፤ በዚያ ወገን ያለውን የማኒፎልድ ጎማና ላሜራ እንደገና ይፈትሹ።